ቀትር ላይ ግንብ የሚገፋው ሰው

ስልኮቻችሁ ሁሉ ሞቱ? የሁላችሁም? እሰይ! መብራት ባይሄድና ባትሪያችሁ ባያልቅ ኖሮ የእኔን አፍ ማን ያይ ነበር። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሰብለ፣ ያን መጋረጃ ሳቢው። ሻማዋን ወደዚህ አምጡልኝ። የምነግራችሁ የመንፈስ ነገር ነው። የምትፈሩ ካላችሁ አሁኑኑ ሄዳችሁ ተኙ፤ መሃል ላይ ተነስቶ መሄድ የለም።

ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ነው። ምን አልክ? የሌሊት? አይ ቃልአብ! መንፈስ የሚመጣው በሌሊት ነው ያለህ ማነው? ሌሊትማ ውሻው ይጮኻል፣ ሰውም በሩን ይዘጋል። የሚያስፈራው የቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ቀትር! ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ጥላህ እግርህ ስር ሲገባ፣ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ዝም ስትል። ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል። መንገዱ ባዶ ነው። በዚያ ባዶ መንገድ ላይ ታዲያ አንድ ሰው ይሄዳል። ብቻውን ይሄዳል።

የት አገር ነው? አልነግራችሁም። ትንሽ ከተማ ናት፤ ሃምሳ ቤት ቢኖራት ነው። በአንድ በኩል የማሽላ እርሻ፣ በሌላ በኩል ደረቅ ወንዝ። ደረቅ ወንዝ ታውቃላችሁ? ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ከብት ይተኛበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። አንድ ቀን ግን ወንዝ መሆኑ ትዝ ይለዋል።

በዚያች ከተማ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ስንሻው፣ ታናሹ ባዘዘው። ስንሻው ሚስት አግብቶ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ይኖራል። ሚስቱ ውድነሽ ትባላለች። ባዘዘው ገና ወንደላጤ ነው፤ ከእናቱ ጋር ከወንዙ ማዶ ይኖራል። ሥራቸው ምን ነበር? ጌም ቤት! አትሳቁ። ሦስት አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ የተለጠፈች። መብራት እንኳ ከተማዋ ውስጥ አልገባም ነበር። ታዲያ ኮምፒውተሩ በምን ይሠራል? በወፍጮው ጄኔሬተር ነዋ! ጠዋት ወፍጮው ይፈጫል። ስድስት ሰዓት ላይ ወፍጮው ይቆማል፣ ጄኔሬተሩ ግን አይጠፋም። ባለወፍጮው ለአንድ ሰዓት ለወንድማማቾቹ ይተውላቸዋል። ባለወፍጮው እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር። ሳይጠሩት አቤት የሚል፣ በሰው ጉዳይ እጁን ሳያስገባ የማያድር። ደግ ነበር ልበል? ደግም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድማማቾቹ በሩን ዘግተው እርስ በርስ ይገጥማሉ። የጦርነት ጌም ናት። ምሽግ ትሠራለህ፣ ወታደር ታሰለጥናለህ፣ ፈረሰኛ ልከህ የጠላትህን ምሽግ ትፈልጋለህ። ካርታው መጀመሪያ ጥቁር ነው፤ የረገጥከው ቦታ ብቻ ይበራልሃል። ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ አንዱ የሌላውን ስክሪን እንዳያይ መሃላቸው ካርቶን ያቆማሉ።

አንድ ቅዳሜ ስንሻው ምሽጉን ጥግ ላይ፣ ከጫካ ጀርባ ደበቀ። ማንም የማያገኘው ቦታ። የባዘዘው ጦር ግን መጣ። ቀጥ ብሎ መጣ! ስንሻው ካርቶኑን በጥፊ መታው።

«ስክሪኔን አይተሃል!»

«አላየሁም፣ ጋሽዬ።»

«ሌባ! ከወንድምህ ላይ ትሰርቃለህ? ውጣልኝ!»

«ጋሽዬ፣ በእናታችን ሞት አላየሁም።»

«ውጣ ብዬሃለሁ!»

ባዘዘው ወዲያው አልተነሳም። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ነበሩ። ከዚያ፣ «እሺ፣ እወጣለሁ» አለና ተነሳ። ስንሻው ቀድሞ፣ ገና ውጣ ሲለው፣ የራሱን ኮምፒውተር ገመድ ነቅሎት ነበር። ያን ያህል ተናዶ ነበር።

ባዘዘው በቀትር ወጣ። ብቻውን ወጣ። በአቋራጩ ወደ እናቱ ቤት ሊሻገር ወንዙ ውስጥ ገባ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ የት ነበር? ላይ፣ ደጋው ላይ! ደራሽ ውሃ ድምፁ የሚሰማው ከደረሰ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ከታች ቆላ አሸዋ ውስጥ አገኙት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? ከቀብሩ በኋላ በከተማዋና በወንዙ መካከል ግንብ ተሠራ። ከሰው ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ ግንብ። አቋራጩ ተዘጋ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ራቅ ብሎ ባለው ድልድይ ይሻገር ጀመር።

ስንሻው አልቅሶ ወጣለት? አልወጣለትም። አንድ ነገር ብቻ ያብሰለስላል። አይቶ ነበር ወይስ አላየም? አይቶ ከሆነ ያባረርኩት አጭበርባሪን ነው፤ ያበሳጫል፣ ግን ያልፋል። ካላየስ? ካላየ ወንድሜን በከንቱ ወደ ውሃ ሰድጄዋለሁ። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳው፣ እህል ነሳው። ውድነሽ ብትመክረው አይሰማም።

ያቺ ጌም ደግሞ የተጫወቱትን ሁሉ ትይዛለች። እናንተ ሪፕሌይ የምትሉት። ሪፕሌይ ፊልም ይመስላችኋል? አይደለም! ይህን ልብ በሉ። ጌሟ ምስሉን አይደለም የምትይዘው። የምትይዘው የእጅህን ሥራ ነው፤ በዚህች ሰከንድ ይህን ተጫነ፣ በዚያች ሰከንድ ወዲያ ላከ። ስትከፍተው ያ የእጅ ሥራ እንደገና ይሠራል፤ ጦርነቱ ሁሉ ከመጀመሪያው እንደገና ይካሄዳል። የሞተ ሰው ከሆነስ የተጫወተው? የሞተው እጅ እንደገና ይሠራል ማለት ነዋ።

ስንሻው ያን ሪፕሌይ ሊከፍት ተቀመጠ። የባዘዘው ፈረሰኛ ምሽጉን እንዴት እንዳገኘው ካየ ነገሩ ይለይለታል። ፈልጎ አግኝቶት ከሆነ አላየም፤ ሳይፈልግ በቀጥታ መጥቶ ከሆነ አይቷል። ግን አንድ ችግር ነበር። ለለቅሶ ከትልቅ ከተማ የመጣ ዘመድ፣ ሊያጽናናው ብሎ ተሻሽሎ የወጣውን የጌሟን አዲስ ቨርዥን ጭኖለት ሄዷል። የድሮ ሪፕሌይ በአዲስ ቨርዥን ሲከፈት ምን ይሆናል? የባዘዘው ፈረሰኛ ወጣ፣ ሄደ፣ አንድ ኮረብታ ጋ ደረሰና ቆመ። አልቆመም፤ ኮረብታውን ይገፋል! እግሩ ይራመዳል፣ እሱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። በድሮው ቨርዥን እዚያ ጋ መንገድ ነበር። በአዲሱ ኮረብታ አድርገውታል። ባዘዘው ግን ሂድ ብሎታል፤ ይሄዳል።

ስንሻው የድሮው ጌም ያለባቸውን ሲዲዎች ፈለገ። የሉም። «ውድነሽ፣ ሲዲዎቹስ?» አላት።

«የቱ? ያ የሚያብረቀርቀው? ማሽላው ላይ ሰቀልኩት እኮ! ወፍ አስቸገረኝ።»

ሲዲ በክር ታስሮ እርሻ ላይ ሲንጠለጠል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፀሐይ ስትመታው ያበራል፣ ወፏ ትሸሻለች። ስንሻው ማሽላው ውስጥ ገብቶ አንድ በአንድ ፈታቸው። ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የተለያየ የድሮ ቨርዥን አለባቸው። ውድነሽ ከኋላው እየተከተለች ትቆጣዋለች። «እህሌን ለወፍ አሳልፈህ ልትሰጠው ነው? የሞተ ሰው ተወው ይረፍ!» ትለዋለች። አልሰማትም።

በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛውን ሲዲ ጫነ። ፈረሰኛው ከኮረብታው አለፈና ወንዝ ዳር ተጣብቆ ቀረ። በማግስቱ ሁለተኛውን ጫነ። እስከ ጫካው ደረሰና ተሳሳተ። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን፣ የሁሉንም አሮጌ ጫነ። ፀሐይ ጫፉን አቃጥላዋለች፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲዞር ይጮኻል። ግን ሠራ። ሁሉም እንደዚያን ቀን ሆነ።

ፈረሰኛው ወጣ። ሰሜኑን ፈለገ፣ አጣ። ምሥራቁን ፈለገ፣ አጣ። የካርታውን ዳር ዳር ይዞ፣ ጥቁሩን ጥቂት በጥቂት እየገለጠ፣ ከጫካው ጀርባ ደረሰ። አገኘው። ፈልጎ ነው ያገኘው! ወንድሙ አላየም። አልሰረቀም።

ስንሻው ጮኾ አለቀሰ። ጌሟ ላይ ተጫዋቾች የሚጻጻፉበት የመልእክት መስመር አለ አይደል? ስክሪኑ ግርጌ ላይ ጽሑፍ ወጣ። «ጋሽዬ፣ አላየሁም።» ባዘዘው ያን ቀን ከመነሳቱ በፊት ጽፎለት ኖሯል። ስንሻው ግን ገመዱን ነቅሎ ስለነበር አላነበበውም።

እዚህ ላይ ሪፕሌዩ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም።

የጌሟ ሰዓት ቆሟል፤ ፈረሰኛው ግን ይሄዳል። ከምሽጉ ወጣ፣ ካርታው ላይ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ወረደ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ስንሻው ደንግጦ ዘጋው። ብልህ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይተው ነበር። እሱ ግን በማግስቱም በስድስት ሰዓት ከፈተው። ፈረሰኛው እንደገና ሄደ፣ መሃል ወንዝ ላይ ቆመ፣ ትናንት ያልነበረ ጽሑፍ ወጣ።

«ደከመኝ፣ ጋሽዬ። በከፈትከው ቁጥር ትመልሰኛለህ።»

ስንሻው ኪቦርዱን ያዘና ጻፈ። ይቅር በለኝ። አይጻፍም። ደገመው። አይጻፍም። ሪፕሌይ የሚያይ ሰው ማየት እንጂ መናገር አይችልም! ወንድሙ ፊቱ ቆሞ እያናገረው፣ አንዲት ቃል ሊመልስለት አልቻለም። በዚያ ቀን ጣቱ እስኪያብጥ ቀጠቀጠው። ምን ያደርጋል?

በቀጣዩ ቀን፣ ፈረሰኛው መሃል ወንዝ ላይ ሲቆም ስክሪኑ ጠየቀው። «ከዚህ መቀጠል ትፈልጋለህ? በማን ቦታ?» ሁለት ስም ተደርድሯል። የራሱ ስም ደብዝዟል፤ ቢጫነው አይጫንም። ገመዱን ነቅሎ የወጣው እሱ ነዋ! የባዘዘው ስም ግን ያበራል። ቦታው ክፍት ነው።

እናንተ ብትሆኑ ትጫኑታላችሁ? አንተ ትጫነዋለህ፤ አውቅሃለሁ። እሱም ተጫነው።

ባለወፍጮው የዚያን ዕለት ሰዓቱ ሲሞላ ጄኔሬተሩን አጠፋና፣ «ስንሻው፣ በቃ ለዛሬ» ሊለው ወደ ክፍሏ ገባ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። የስንሻው ጣቶች ግን ኪቦርዱ ላይ ይሠራሉ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ! የተቀመጠውም በራሱ ወንበር ላይ አይደለም፤ በባዘዘው ወንበር ላይ ነው። ባለወፍጮው ተጣራ፤ አልሰማውም። ከዚያ ጣቶቹ ቆሙ። ስንሻው አንገቱን ደፋ።

«እሺ፣ እወጣለሁ» አለ።

ተነሳና ወጣ። በቀትር፣ በዚያ ባዶ መንገድ፣ በአቋራጩ ሄደ። አቋራጩ ደግሞ ተዘግቷል። ግንብ አለ! ስንሻው ግንቡ ጋ ደረሰ፤ አልቆመም። ግንባሩ ድንጋዩን ነካ፣ ደረቱ ድንጋዩን ነካ፣ እግሩ ግን ይራመዳል። ይራመዳል፣ ይራመዳል፣ ከቦታው አይነቃነቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ! ስምንት ሰዓት ሲሆን ወደቀ። ተሸክመው አስገቡት። ያጎረሱትን ይውጣል፣ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ሰው አያውቅም። በማግስቱ በስድስት ሰዓት ተነስቶ ወደ ጌም ቤቷ ሄደ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። እሺ፣ እወጣለሁ። ግንቡ።

በየቀኑ! በየቀኑ እንደዚያው። አንድ እርምጃ አይጨምርም፣ አንድ እርምጃ አይቀንስም።

ያልሞከሩት የለም። አራት ጎረምሶች ያዙት፤ እጃቸው ላይ ሆኖ እግሩ ይራመዳል። ልቡ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ፈርተው ለቀቁት። ጠበል ወሰዱት፤ ከጠበሉ ስፍራ በቀትር ተነስቶ አንድ ዛፍ ሲገፋ ተገኘ። ሲዲውን ሰበሩት፣ ኮምፒውተሩን አቃጠሉት፤ ምንም ለውጥ የለም። ውድነሽ ምን ታድርግ? የእግሩ ጥፍር እየደማ አስቸገራት፤ ጫማውን በጨርቅ ጠቅልላ ታስርለታለች። ግንባሩ እንዳይቆስል ጆንያ ውስጥ ገለባ ሞልታ፣ እሱ ግንባሩን በሚያሳርፍበት ድንጋይ ላይ ትሰቅላለች። በየቀኑ በቀትር ከጎኑ ትቆማለች፤ በነጠላዋ ላቡን ትጠርግለታለች። ልጆች፣ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ባሏ አጠገቧ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ግን ልታገኘው አትችልም። እሷም እንደ እሱ እዚያው ግንብ ስር ታሰረች።

ስድስት ወር እንዲህ ሆኖ አለፈ። ያ ባለወፍጮ ያያታል። ሳይጠሩት አቤት ባይ አላልኳችሁም? አንድ ቀን ጠጋ አላት።

«ልጄ፣ ነገሩ ገብቶኛል» አላት። «ይህ የባዘዘው ጉዞ ነው። ባዘዘው ሲሄድ ግንብ አልነበረም። ከተማችን ተቀየረች፣ ጉዞው ግን የድሮው ነው። ስለዚህ ነው የማያልቀው። መንገዱን እንደ ድሮው ብናደርግለት ይጨርሰዋል። ሲጨርስ ይለቀዋል።»

«በእውነት ይለቀዋል፣ ጋሼ?»

«ይለቀዋል። ያለቀ ጨዋታ ሰው አይዝም።»

እግሩ ላይ ወደቀች። ቀበሌ ሄዳ ለመነች፤ ግንቡ የከተማው ነው፣ አይነካም አሏት። ተመልሳ መጥታ ባለወፍጮው ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ባለወፍጮው ዲጅኖውን አነሳ። አነሳሁ።

አዎ። እኔ ነኝ። ምን ታዩኛላችሁ? ወፍጮ እንደነበረኝ እናታችሁ አልነገረቻችሁም?

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሬ ፈነቀልኩት። ድንጋይ በድንጋይ፣ አንድ ሰው የሚያሳልፍ በር ከፈትኩ። ውድነሽ ፍርስራሹን በእጇ ታነሳለች፣ አሸዋውን ትጠርጋለች፤ ሙሽራ የሚገባ ነበር የሚመስለው። ስድስት ሰዓት ሆነ። መጣ። እሺ፣ እወጣለሁ ብሎ መጣ። እኔና እሷ ትንፋሻችንን ያዝን። ግንቡ ጋ ደረሰ።

አለፈ!

«አለፈ! አለፈ!» ብላ አጨበጨበች። እልል አለች። ወደ ወንዙ ወረደ፣ በአሸዋው ላይ ሄደ። እሷ ከዳሩ ቆማ እያለቀሰች ትስቃለች። መሃል ላይ ደረሰ። ባዘዘው የደረሰበት ቦታ። ቆመ።

ከዚያ ዞረ። በስድስት ወር ውስጥ አንድም ቀን ዞሮ አያውቅም! ዓይኑን አየሁት፤ የሰው ዓይን ሆኗል። ጉዞው ማለቂያው ላይ ደርሶ ለቆታል። ልክ እንዳልኩት። ግራ ገብቶት እግሩን አየ።

«ውድነሽ፣ ጫማዬን ምን ሆኜ ነው በጨርቅ ያሰርሽው?» አላት።

ይህን ብቻ ነው ያለው። እሷ እየሳቀች እጇን ዘረጋችለት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

የባዘዘው ጉዞ የት ላይ እንዳለቀ ታውቃላችሁ። እኔም አውቅ ነበር! ስድስት ወር ሙሉ ሳስብ፣ ይህን አንዱን አላሰብኩትም። ያ ግንብ አስሮት ነበር፤ ሕይወቱን ይዞ ያቆየለትም ያ ግንብ ነበር።

የውሃውን ድምፅ ስንሰማ ደርሶ ነበር። ልትገባ ስትል ወገቧን ይዤ አስቀረኋት። ነክሳኛለች፤ ይኸው ክንዴ ላይ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ውድነሽ አንዲት ቃል አናግራኝ አታውቅም። አልፈርድባትም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

እና ልጆቼ፣ በቀትር ብቻችሁን መንገድ አትሂዱ። ብትሄዱና ግንብ የሚገፋ ሰው ብታዩ ደግሞ፣ ላቡን ጥረጉለት፣ ውሃ አጠጡት፣ በር ግን አትክፈቱለት።

ሌላም ነገር አለ። ቀን ቀን እናታችሁ እኔን እዚህ ክፍል ከውጭ የምትቆልፍብኝ ለምን ይመስላችኋል? ሽማግሌ ነው ይተኛ ብላ? በስድስት ሰዓት እጄ ይነሳል። እኔ አላነሳውም፤ ራሱ ይነሳል። ዲጅኖውን ስትወስድብኝ ማንኪያ አገኘ፤ ማንኪያውን ስትወስድብኝ በጥፍሬ ይፈነቅላል። እዩት እጄን፤ ጥፍር የለውም። አንድ ሰው የሚያሳልፍ በር ይከፍታል፣ ግድግዳው ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ በየቀኑ። ዛሬ ሲያቆም ሁለት ጣት ውፍረት ነበር የቀረው። ከወዲያ በኩል ደግሞ የሚራመድ እግር ይሰማኝ ጀምሯል።

ቃልአብ! ጀርባህን ከዚያ ግድግዳ ላይ አንሳ!